የማልዲቭስ ሞገድ የማን ነው?

ማልዲቭስን በጥር የሚጎበኝ ሰው በማስታወቂያ ያየውን ሁሉ ያገኛል። ጥርት ያለ ሰማይ፣ እንደ መስታወት የረጋ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ። የማያገኘው ሞገድ ነው። ለሰርፊንግ ብሎ በውድ ዋጋ የሄደ ሰው ያንን የረጋ ባሕር ተቀብሎ ከተመለሰ፣ ጉዞው የተበላሸው ገና ትኬቱ ሲቆረጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማልዲቭስ ሞገድ እዚያው ማልዲቭስ አይወለድም። ከደቡብ አፍሪካ በታች እስከ አውስትራሊያ በተዘረጋው ቀዝቃዛ ውቅያኖስ ላይ ከባድ ነፋስ ውሃውን ይገፋዋል። ያ ግፊት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በአምስት ቀን ገደማ፣ ምድር ወገብ አጠገብ ያሉት ደሴቶች ላይ ይደርሳል። ነፋሱ የሚበረታው በደቡቡ የዓለም ክፍል ክረምት ሲሆን ነውና ጥሩ ሞገድ የሚገኘው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው።

ይህ ጊዜ የማልዲቭስ ሰዎች «ሁልሃንጉ» የሚሉት የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን ነው፤ ከኢትዮጵያ ክረምት ጋር ይገጣጠማል፣ ዝናቡም እንደዚያው። ተራው ጎብኚ ይሸሸዋል። ሰርፈር ግን ሊሸሸው አይገባም፤ ምክንያቱም በዚህ ወቅት ነፋሱ ከምዕራብ ነው የሚነፍሰው። በማሌ አቶል ታዋቂዎቹ ሞገዶች የሚሰበሩት በምሥራቁ ጠርዝ ስለሆነ፣ ነፋሱ የሚመጣውን ሞገድ ፊት ለፊት ይገጥመውና ቶሎ እንዳይፈርስ ደግፎ ያቆመዋል። የአልጋ ዋጋም በዚህ ወቅት ይቀንሳል። ዝናብ የሚፈራ ሰው መጀመሪያውኑ ውሃ ውስጥ ገብቶ ለመዋል እየሄደ መሆኑን ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

የባሕር ትንበያ በደንብ የሚታመነው ለአንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ትኬት ደግሞ ከወር ከሁለት ወር በፊት ይቆረጣል። ስለዚህ ማንም ሞገድ አስይዞ አይሄድም፤ ወቅት አስይዞ ነው የሚሄደው። አምስት ቀን ብቻ ይዞ መሄድ ከሎተሪ አይለይም። ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ግን ቢያንስ አንድ ጥሩ ቀን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ጀማሪ ከሆነ ደግሞ ማልዲቭስን ለሌላ ዓመት ቢያቆየው ይሻላል። ሞገዱ የሚሰበረው ጥልቀት በሌለው ኮራል ላይ ነው፤ የኮራል ቁስል ደግሞ ቶሎ ያመረቅዛል። ጎረቤት አገር ስሪላንካ ውስጥ ዌሊጋማ የሚባል አሸዋማ የባሕር ወሽመጥ አለ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ድረስ ለጀማሪ የሚመች ትንሽ ሞገድ ይገኝበታል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ማንኛውም የጉዞ ወኪል ይናገራል። ወኪሉ የማያነሳው ጥያቄ ግን አለ፤ ሞገዱ የማን ነው?

ማልዲቭስ ወደ 1,200 የሚጠጉ ደሴቶች አሏት፤ ሕዝብ የሚኖርባቸው ከ200 አይበልጡም። ከቀሩት የተወሰኑት ለሪዞርት ተከራይተዋል፤ አንድ ደሴት ለአንድ ሪዞርት። እ.ኤ.አ. በ1973 ቶኒ ሂንዴ የተባለ አውስትራሊያዊ የተሳፈረበት ጀልባ በማሌ አቶል ሪፍ ላይ ተሰበረና እዚያው ቀረ። እስልምናን ተቀብሎ ሁሴን ተባለ፣ ከአገሩ ሰዎች ጋር ተጋባ፣ ሞገዶቹንም ለዓመታት ለውጭ ሰው ሳይናገር ኖረ። በ2008 የሞተው ፓስታ ፖይንት በተባለው ሞገድ ላይ ሲንሸራተት ነው። ያው ፓስታ ፖይንት ለዓመታት የአንድ ሪዞርት እንግዶች ብቻ የሚገቡበት ሆኖ ቆይቷል። ከጎረቤት ደሴት የመጣ ወጣት ቦርዱን ይዞ ቢቀርብ ይመለስ ነበር። በአገሩ ባሕር!

ለዚህ አሠራር የሚሰጠው ማብራሪያ ባዶ አይደለም። በአንድ ሞገድ ላይ ሃምሳ ሰው ሲሻማ ቦርድ ከቦርድ ይጋጫል፣ ሰው ይጎዳል፤ ሪዞርቱም ለደሴቱ ኪራይ ይከፍላል። ይሁን እንጂ መጨናነቅ የሚቀነሰው ቁጥር በመወሰን ነው። በቀን ይህን ያህል ሰው ይግባ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የሚገባው ዶላር የከፈለ ብቻ ይሁን ማለት ሌላ። ኪራዩ የተከፈለው ለመሬቱ ነው፤ ከአንታርክቲካ አካባቢ ተነስቶ አምስት ቀን የተጓዘውን ሞገድ ማንም አላከራየም።

አማራጭ የለም እንዳይባል ደግሞ አማራጭ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያ መክፈት ተፈቅዷል። ቱሉስዱ ከማሌ በፈጣን ጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሞገዱ «ኮክስ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ደሴቱ ላይ ካለው የኮካ ኮላ ፋብሪካ ነው። ሂማፉሺ ደግሞ እስር ቤት ስላለበት ሞገዱ «ጄልስ» ተብሏል። ሁለቱም ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ የአልጋው ገንዘብም በመንደሩ ሰው እጅ ይገባል። በእነዚህ ደሴቶች አልኮል ክልክል ነው፣ በዋና ልብስ መንደር ውስጥ መዞርም ነውር ነው፤ ረመዳን ከጉዞው ጋር ከገጠመ ቀን ቀን ምግብ ቤቱ ሊዘጋ ይችላል። ይህን የማይችል ሰው ሪዞርት ቢሄድ አይፈረድበትም።

ሪዞርቱን የመረጠም ቢሆን ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ በኢሜይል መላክ አይከብደውም፤ «የአገሩ ልጅ ቦርዱን ይዞ ቢመጣ ይገባል ወይስ ይከለከላል?» መልሱ «ይከለከላል» ከሆነ፣ ለሪዞርቱ አንድ ሳምንት በሚከፈለው ገንዘብ ቱሉስዱ ላይ ሁለት ሳምንት ማደር ይቻላል።