የኩራዝ ክርና የቬፕ ኮይል

ኩራዝ ያበራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ነገር ግን ማንም እንደ ዕውቀት ቆጥሮ ያልጻፈው አንድ ነገር አለ። አዲስ ክር በኩራዝ የከተተ ሰው ወዲያው ክብሪት አይጭርም። ክሩ ላምባውን ስቦ እስከ ጫፉ እስኪርስ ድረስ ይታገሣል። ባልራሰ ክር ላይ እሳት የለኮሰ እንደሆነ የሚነደው ላምባው ሳይሆን ክሩ ራሱ ነው፤ ጫፉ ይከስላል፣ ቤቱ በጭስ ይታፈናል፣ ያም ክር ከዚያ በኋላ ላምባ ቢጠግብ እንኳ እንደ ቀድሞው አይስብም። ከዋግ ደጋ፣ ከደሃና፣ ከአምደ ወርቅ አካባቢ የወጣን ሰዎች ይህን ከእናቶቻችን እጅ አይተን ያወቅነው ነው እንጂ ከመጽሐፍ አልተማርነውም።

ይህን ማንሣቴ ኩራዝን ለማሞገስ አይደለም። ኩራዝ ዐይን ያደክማል፣ ግድግዳና ሳንባ ያጠቁራል፤ በየመንደሩ በመብራት የሚተካበት ቀን ቢፈጥን ደስታዬ ነው። ያነሣሁት ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ወጣቶቹ «ቬፕ» ስለሚሉት ዕቃ፣ በተለይም በሆዱ ውስጥ ስላለችው «ኮይል» ስለምትባል ትንሽ ነገር ልጽፍ ስለፈለግሁ ነው። ግጥምና ወግ ሽቶ የመጣ አንባቢ «ይህ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» ይል ይሆናል። ባይሆን ጥቂት ይታገሠኝ። ነገሩ መጨረሻው ወደ ቋንቋ የሚመጣ ነው።

ዕቃው ቢፈታ ውስጡ የሚገኘው አራት ነገር ነው፤ ባትሪ፣ ፈሳሽ፣ ጥጥ፣ ሽቦ። ሽቦው ቀጭንና የተጠቀለለ ሲሆን ጥጡ ከእርሱ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ጥጡ ፈሳሹን ይስባል፤ ሽቦው በባትሪው ኃይል ሲግል ጥጡ የያዘው ፈሳሽ ይተናል፤ ሰውዬው ወደ ሳንባው የሚያስገባው ያንን እንፋሎት ነው። ሽቦውና ጥጡ ባንድነት ኮይል ይባላሉ። ዕቃውን እ.ኤ.አ. በ2003 ፈልስፎ ለዓለም ገበያ መንገድ የከፈተው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው፤ እርሱም ራሱ አጫሽ ነበር። ሽቦው ግን ከዕቃው እጅግ የቀደመ ታሪክ አለው። የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ የሆነውን ሽቦ አልበርት ማርሽ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1906 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ሥር የሚተኛው፣ ሲበጠስ ቤተሰቡን ሁሉ ያለ እንጀራ የሚያሳድረው «ሬዚስታንስ» የዚያው ወገን ነው። እንግዲህ ዕቃው ከሩቅ አገር የመጣ ባዕድ ቢመስልም፣ በክፍል በክፍሉ ሲታይ ግማሹ ኩራዝ፣ ግማሹ ምጣድ ነው።

የደሃና ልጅ የሆነ አንድ ዘመድ አለኝ። አዲስ አበባ በግንባታ ሥራ ላይ ይውላል፤ ሲጋራም የለመደው በዚያው በሥራው ቦታ ነው። ከዱባይ የተመለሰ ጓደኛው ቬፕ ሰጠውና ሲጋራውን በእርሱ ሊተው ቆረጠ። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ።

«አያ፣ ይኼ ነገር እንደ በርበሬ ጭስ ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ያረረ ወጥ ያረረ ወጥ ይለኛል» አለኝ።

በሳምንቱ ሁለት ኮይል ጨርሶ ነበር። አንዷን ኮይል የሚያገኛት በስንት ደላላ፣ በስንት ምልጃ እንደሆነ እርሱ ያውቃል። በመጨረሻ ያለኝ ነገር ግን አስደነገጠኝ፤ «ፈሳሹም እያለቀብኝ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ማር አለኝ፤ በውሃ አቅጥኜ ጠብ ባደርግበትስ? ካልሆነም የምግብ ዘይት?»

ልጁ ሞኝ አይደለም። የዋግ ማር ለእርሱ የመድኃኒት ሁሉ አለቃ ነው፤ ሲያስለው ያደገው በእርሱ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣችው ወረቀት የተጻፈችው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነበር። በአማርኛ የሚነግረው አንድም ሰው፣ አንድም ጽሑፍ አላገኘም። ስለዚህ ከሚያውቀው ተነሣ፤ ከሚያውቀው መነሣቱ ትክክል ነው፤ የተነሣበት ቦታ ብቻ ተሳስቷል። መነሣት የነበረበት ከማሩ ሳይሆን ከኩራዙ ነበር።

እኔም በዚያው በኩራዙ ጀመርሁለት። አዲስ ኮይል ስትከት ጥጡ በሚታይበት ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ አንጠባጥብበት፤ ከዚያ ሞልተህ ዐሥር ደቂቃ ያህል አስቀምጠው፣ ክሩ ይርሳል፤ እስከዚያ አትንካው አልሁት። ፈሳሹ ከጥጡ ቀዳዳ በታች እስኪወርድ አትጠብቅ፤ ላምባ ያለቀበት ኩራዝ ክሩን እንደሚበላ ታውቃለህ። አከታትለህም አትሳብ፤ አንዴ ስበህ ጥጡ መልሶ እስኪጠጣ ፋታ ስጠው። ከፈሳሹ አብዛኛው ግሊሰሪን ከሆነ ደግሞ ፋታው መርዘም አለበት። ግሊሰሪን ማለት ያው ከመድኃኒት ቤት ገዝተን ቆዳችንን የምንቀባው ነው፤ ወፍራም ነው፤ በጥጥ ውስጥ የሚጓዘው እያዘገመ ነው። በኮይሉ ጎን ላይ የተጻፈ የዋት ልክ አለ፤ ከዝቅተኛው ጀምር። የፋኖስ ክር ከልኩ በላይ ከፍ ያለ እንደሆነ መስተዋቱን እንደሚያጠቁረው ሁሉ፣ ኮይልም ከልኩ በላይ ሲግል ጥጡን ያሳርረዋል።

ስለ ጣፋጩ ነገር ረዘም አድርጌ ነበር የነገርሁት፤ እዚህም ረዘም ላድርገው፤ ምክንያቱም የብዙ አዲስ ተጠቃሚዎች ኮይል የሚሞተው በዚህ ነው። በፈሳሹ ውስጥ የሚጨመረው ማጣፈጫ፣ ብዙ ጊዜ ሱክራሎዝ የሚባለው፣ ከእንፋሎቱ ጋር ተኖ አያልቅም። ከሽቦው ላይ ይቀራል፣ ያርራል፣ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። ይህን ለማስረዳት ፎርኔሎ ይበቃል። ወጥ ገንፍሎ ከፎርኔሎው ሽቦ ላይ ሲፈስስ ምን እንደሚሆን ያላየ የለም፤ ቅርፊቱ ከሽቦው ጋር ይጣበቃል፤ በነጋታው ምድጃው ሲበራ የትናንቱ ወጥ ይሸታል፤ ውሎ አድሮም ሽቦው ከዚያው ከቆሸሸበት ቦታ ይበጠሳል። ጣፋጭ የሚበዛበት ፈሳሽ ኮይልን በጥቂት ቀን ይገድለዋል፤ ጣፋጭ የሌለበት ግን አንድና ሁለት ሳምንት ሊያቆየው ይችላል። ማር ደግሞ ገና ከመነሻው ስኳር ነው። ማር የገባበት ኮይል ውሎ አያድርም።

ዘይቱ የባሰ ነው፤ እርሱ ኮይልን ሳይሆን ሰውን ይጎዳል። የተነነ ዘይት በሳንባ ውስጥ ሲገባ እንደ ውሃ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ቬፕ የሚስቡ ከ2,800 የሚበልጡ ሰዎች በሳንባ ጉዳት ሆስፒታል ገቡ፤ 68 ሰዎች ሞቱ። ዋናው ተጠርጣሪ በድብቅ በሚሸጥ የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ዘይታማ ነገር ነበር። ይህን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «ዘይቱን ተወው በለኛ!» አለ። ተወው።

የምጣዱ ትምህርት የማያገለግልበት አንድ ቦታም አለ። እኛ የተበጠሰ ሬዚስታንስ ጠምዝዘን የምንቀጥል ሰዎች ነን፤ አንዱን ሽቦ ዐሥር ጊዜ ቀጥላ የምትጋግር እናት አውቃለሁ። ኮይል ላይ ግን ይህ አይሠራም። ሽቦው ሲያጥር የሚወስደው ኃይል ይለወጣል፣ ባትሪውም ከልኩ በላይ ይገደዳል። የከሰለ ጥጥም በሙቅ ውሃ ቢዘፈዘፍ፣ በአልኮል ቢታጠብ አይመለስም። ያረረ ሽታ የሸተተ ዕለት ቆጥበህ ሳይሆን አውጥተህ መጣል ነው፤ ምክንያቱም ደርቆ የጋለ ጥጥ ላይ ግሊሰሪኑ ወደ ፎርማልዴሃይድና ወደ አክሮሊን ይለወጣል። አክሮሊን ማለት ዘይት በመጥበሻ ላይ ከልክ በላይ ሲግል ዐይን የሚያቃጥለው ጭስ ውስጥ ያለው ነው። ስለዚህ የኮይል ዕድሜ ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደሚያከራክረው ልምጣ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትንም መሸጥንም ከልክሏል፤ ሺሻንም እንዲሁ። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አለ። አዋጁን አልቃወምም። ሲጋራ ቀምሶ የማያውቅ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የእንጆሪ ጣዕም ባለው ኒኮቲን እንዳይያዝ መከልከሉ ተገቢ ነው። የሚቃጠለው ሲጋራ ግን በየሱቁ በፍሬ ይሸጣል። ፋብሪካውም ደኅና ገዢ አግኝቷል፤ ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ ገዛ፣ በተከታዩም ዓመት ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አሳደገ። ይህን የምለው እንዲሁ በነገር መካከል ነው።

የዋግ ሰው የትምባሆ ክልከላን ከሩቅ አያየውም። ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከነገሡ በኋላ በ1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ ድል ያደረጓቸው፣ ኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የተባሉት ናቸው። ዮሐንስም በዘመናቸው ትምባሆን አጥብቀው ከለከሉ፤ የሚያጨሰው ከንፈሩን፣ ሱረት የሚወስደው አፍንጫውን ይቆረጥ እንደነበር ይነገራል። ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ነው የሚለው አሮጌ ትረካም በካህናቱ አፍ ነበር። ጋያው ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አልጠፋም። ጓዳ የገባ ነገር የሚታወቅበት ጠባይ አለው፤ ሰው ይሠራዋል፣ ግን አይነጋገርበትም፤ ካልተነጋገረበትም መጥፎውን ከባሰው የሚለይበት ቃል አይኖረውም።

«ለኮይሉ ዕድሜ መስጠት ለሱሱ ዕድሜ መስጠት አይደለምን?» የሚለኝ አለ። ከወዳጆቼ አንዱ፣ ሐኪም ነው፣ በትክክል እንዲህ ብሎኛል። ግማሹን እቀበለዋለሁ። ኒኮቲኑ ያው ኒኮቲን ነው፤ ቬፕ ከሲጋራ ጭስ ያነሰ መርዝ ይያዝ እንጂ ጉዳት የለሽ አይደለም፤ ሳያጨስ የኖረ ሰው ሊነካው ምክንያት የለውም። ለልጁም ከኮይሉ ምክር ጋር የነገርሁት፣ በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የኒኮቲን መጠን በየጊዜው እየቀነሰ እንዲሄድና መጨረሻው ሁለቱንም መተው እንዲሆን ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ወዳጄ ያልቆጠረው አለ። ሲጋራ ሊተው የተነሣ ሰው ባረረ ጥጥ ሁለት ቀን ጉሮሮው ከተቃጠለ፣ በሦስተኛው ቀን የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያ አይደለም። የሚሄደው ወደ ሱቁ፣ ወደ ፍሬ ሲጋራው ነው። እኔ ዝም ብል ኖሮ ማርና ዘይት በሳንባው ይሞክር ነበር። አዋጁ መሸጥን ይከለክላል፤ በእጁ የገባውን ሰው ማስጠንቀቅን ግን አይከለክልም፤ እኛ ጸሐፊዎች ነን በፈቃዳችን የከለከልነው።

ለምን ከለከልነው? ነገሩ ስለሚያስነውር ብቻ አይመስለኝም። የሚነካና የሚሠራ ትንሽ ዕቃ በእኛ ጽሑፍ ውስጥ ክብር ስለሌለው ጭምር ነው። ስለ ብርሃን ሺህ ግጥም አለን፤ ስለ ክር አያያዝ ግን አንድ ገጽ የለንም። ሬዚስታንስ፣ ፎርኔሎ፣ ፋኖስ ሁሉ የገቡት በባለ ሱቁና በባለ ሙያው አፍ ነው፤ ደራሲው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ያውም ከደረሰ።

ስለዚህ ቃላቱን ከዚያው ከቤታችን ላውጣ ብዬ ለልጁ ስነግረው እንዲህ አልሁ። ጥጡን «ፈትል» አልሁት፤ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሲሠራ በቀለጠ ሰም የሚርሰው ፈትል እንደሚባለው። አዲሱን ኮይል በፈሳሽ ማጥገቡን «ማራስ» አልሁት። ደርቆ ሲቃጠል የሚመጣውን ክፉ ሽታ «ማረር»፣ ከሽቦው ላይ የሚጋገረውን ጥቁር ነገር «ቅርፊት»። አንዱንም ዳግመኛ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ሁሉም በእናቱ ቤት የነበሩ ናቸው። ለራሷ ለኮይል ግን ቃል አጣሁላት። «ጥምዝ ሽቦ» ብል ረዘመ፤ «ጥቅል» ብል ሌላ ነገር መሰለ። ኽምጣጛ የሚናገሩ ወገኖቼ የተጠመዘዘና የሚግል ነገር የሚጠሩበት አጭር ቃል ካላቸው ቢነግሩኝ እወዳለሁ፤ እስከዚያው ኮይል ትባል።