ስንቅ አድራሿ መርከብ

ሰው መንገድ ሲወጣ ስንቅ ይይዛል። መንገዱ ከረዘመ ስንቁ ያልቃል። በየብስ የሚሄድ ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደረሰበት መንደር ያድራል። ባሕር ላይ ግን መንደር የለም። ታዲያ በጦር መርከብ ወራት የሚቆዩ መርከበኞች ምን ይበላሉ?

ስንቃቸውን የምታደርስ ሌላ መርከብ አለች። ዛሬ ስለ አንዷ እንነግራችኋለን። ስሟ ካርል ብራሺር ነው። የተሠራችው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው። የምትጭነው ደረቅ ጭነት ይባላል። ይኸውም ምግብ፣ መለዋወጫ ዕቃ፣ ጥይትና የመሳሰለው ነው።

ጭነቱ የሚራገፈው ባሕር ላይ ነው። ሁለቱ መርከቦች ጎን ለጎን እየሄዱ በመካከላቸው የሽቦ ገመድ ይዘረጋል። ዕቃው በገመዱ ተንጠልጥሎ ይሻገራል። ሄሊኮፕተርም ያመላልሳል።

መርከቧ የተሠራችው ሳንዲያጎ በሚባል የአሜሪካ ከተማ ነው። ሠሪው ናስኮ የሚባል ፋብሪካ ነው። እንደ እሷ ያሉ 14 መርከቦች ሠርቷል። ርዝመቷ 210 ሜትር ነው። ሁለት የኳስ ሜዳ በቁመት ቢቀጣጠሉ እሷን ያህላሉ።

አሠራሯ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወፍራም ብረት በልኩ ይቆረጣል። ብረቱ እየተበየደ ትልልቅ ክፍል ይሆናል። ክፍሎቹ በክሬን ተነሥተው እርስ በርስ ይበየዳሉ። ሠራተኛው ንድፉንና ቁጥሩን አንብቦ የእያንዳንዱን ብረት ቦታ ያውቃል። ማንበብ ካልቻለማ የቱን ከየቱ ይገጥማል? በመስከረም 2001 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2008) መርከቧ ከተሠራችበት ተዳፋት ተንሸራትታ ባሕር ገባች።

ብረት ሆና እንዴት አትሰጥምም? ምስማር ውኃ ውስጥ ጣሉ፤ ይሰጥማል። ብረት ድስት አስቀምጡ፤ ይንሳፈፋል። የድስቱ ሆድ ሰፊና ባዶ ስለሆነ ብዙ ውኃ ይገፋል። የተገፋው ውኃ መልሶ ይሸከመዋል። መርከብም እንዲሁ ነው።

ካርል ብራሺር ግን ማን ነው? ንጉሥ አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. ከጥቁር ጭሰኛ ገበሬ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ትምህርቱን በልጅነቱ አቋረጠ። ባሕር ኃይል ገብቶ ጠላቂ ለመሆን ፈለገ። ጠላቂ ደግሞ ሒሳብና ሳይንስ ይፈተናል። ስለዚህ ካደገ በኋላ ደብተሩን ይዞ ተቀመጠ። አንዴ ወደቀ፤ እንደገና አጥንቶ አለፈ። በ1958 ዓ.ም. ሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ አንድ እግሩን አጣ። ቢሆንም በሰው ሠራሽ እግር ተመልሶ ጠለቀ። በ1962 ዓ.ም. የጠላቂዎች ሁሉ ከፍተኛ ማዕረግ ላይ ደረሰ። በአገሩ ባሕር ኃይል እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው።

«ካደግሁ በኋላ ፊደል ምን ይሠራልኛል?» የምትሉ አላችሁ። የጭሰኛው ልጅ ስም መርከብ ላይ ተጻፈ። እናንተም ዛሬ አነበባችሁት።

ጥያቄዎች
1. ደረቅ ጭነት ምን ምን ነው?
2. ብረት ድስት ለምን ይንሳፈፋል? ቤታችሁ ሞክሩት።
3. የመርከቧን ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ከሥሩም የራሳችሁን ስም ጻፉ።