የትምህርት ግብር የሚጠይቀው ሒሳብ

የጎጃም ገበሬ ለልጁ ትምህርት መክፈል የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ከገጠር መሬት የሚሰበሰበው ገንዘብ በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ደንግጎ ነበር። ግብሩ በየዓመቱ ተሰበሰበ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከደብረ ማርቆስና ከጥቂት የአውራጃ ከተሞች ብዙም ሳይርቅ ቀረ። የገጠሩ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው እንደ ጥንቱ በየኔታ እግር ሥር ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲታወጅ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት አሻፈረኝ አሉ። የዚህ ዓመፅ መንስኤ ብዙ ጊዜ የርስት ስጋት ብቻ ተደርጎ ይነገራል። ስጋቱ እውነት ነበር። ነገር ግን ገበሬው ካሰማቸው ቅሬታዎች አንዱ ለትምህርትና ለጤና እየከፈለ ትምህርት ቤትም ጤና ጣቢያም አለማየቱ እንደነበር ሊዘነጋ አይገባም። አዋጁን ያጸደቁት፣ አብዛኞቹ ባለመሬቶች የነበሩት እንደራሴዎች ረቂቁን ለራሳቸው እስኪመች አለሳልሰውት ነበር። ለገበሬው ጥያቄ በመጀመሪያ የተሰጠው መልስ ጦርና የአውሮፕላን ድብደባ ሆነ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ። ዝውውር ተጠያቂነት ነውን?

ያ ሥርዓት አልፏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ማንኛውም የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። ቃሉ ግልጽ ነው። ችግሩ ገንዘቡ ከክልል ምክር ቤት ወጥቶ በወረዳ በኩል ትምህርት ቤት እስኪደርስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። የወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ለዴስኩ፣ ለጠመኔው፣ ለሚያፈሰው ጣሪያ ወላጅ እንደገና መዋጮ ይጠየቃል። ስለዚህ ገበሬውም ሠራተኛውም አንድ ጊዜ በግብር፣ ሁለተኛ ጊዜ በመዋጮ ይከፍላል፤ እጁን አውጥቶ በጀቱን ያጸደቀው ተመራጭ ግን በመዋጮው ስብሰባ ላይ እምብዛም አይታይም።

ሕዝቡ ለትምህርት ቸልተኛ ነው የሚል ቢኖር በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስታውስ። ያን ሥራ የተሸከሙት የቀበሌና የገበሬ ማኅበራት፣ ተማሪዎችና ሠራተኞች ነበሩ።

የድክመቱን ልክ ፈተናው ራሱ ተናግሯል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት የአገሪቱ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘጋ፤ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ በክልሉ የተመዘገቡት ከሚጠበቁት ተማሪዎች ግማሽ እንኳ አልሞሉም። በሩን የዘጋው ማንም ይሁን፣ በእነዚህ ዓመታት ለትምህርት የጸደቀው በጀት በየወረዳው ለምን እንደዋለ ምክር ቤቱ መርምሮ ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ግጭት ሒሳብን ከማቅረብ ነጻ አያወጣም።

እኛ የምንጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። የወረዳ በጀትን በሰሌዳ ላይ መለጠፍ ከዚህ በፊት የታወቀ አሠራር ነው፤ ሰሌዳው በወረዳ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ብቻ ሳይቀር በየትምህርት ቤቱ በርና በየቀበሌው ይለጠፍ። የተመደበው፣ የደረሰው፣ የወጣው ለየብቻው ይጻፍበት። የምክር ቤት አባላትም ሐምሌ ላይ በጀት ከማጽደቃቸው በፊት ወደ መራጮቻቸው ወርደው፣ ያለፈውን ዓመት ሒሳብ ከሰሌዳው ፊት ቆመው ያስረዱ።