ድር ሲያብር ጫፉን ማን ይይዛል?

በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም በኬንያው ሳፋሪኮም ውስጥ ያለውን ድርሻ ወደ 55 በመቶ ከፍ ለማድረግ ማቀዱ ተገለጸ። ዕቅዱ 15 በመቶውን ከኬንያ መንግሥት፣ 5 በመቶውን ከእንግሊዙ ቮዳፎን መግዛት ነበር። ይህ የናይሮቢና የዮሐንስበርግ ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን የሚገለብጥ አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ነገሩ ላስታ ድረስ ይዘልቃል እንላለን።

ሳፋሪኮም ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ በግንቦት 2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር የኢትዮጵያን ሁለተኛ የቴሌኮም ፈቃድ ያገኘ ኩባንያ ነው። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር፣ ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ እጅ የቆየው የስልክ አገልግሎት ተፎካካሪ አገኘ። እንግዲህ በሳፋሪኮም ላይ የሚያዘው ሲለወጥ፣ በአገራችን ገጠር ታወር ይተከል ወይም አይተከል የሚባልበት ጠረጴዛም አብሮ ይለወጣል።

የውሕደት ደጋፊዎች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይሉናል። አባባሉ እውነት አለው። ትልቅ ኩባንያ ዕቃ በርካሽ ይገዛል፤ ብድር በቀላሉ ያገኛል፤ ኪሳራም ይችላል። ዳሩ ግን ድሩ ካበረ በኋላ ጫፉን የያዘው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።

የኢትዮጵያው ቅርንጫፍ ከተከፈተ ጀምሮ በኪሳራ ሲሠራ፣ የደገፈው በኬንያ የተገኘው ትርፍ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሸክሙ ባሰ። ድርሻ ለመግዛት ብዙ ገንዘብ ያወጣ ባለቤት ገንዘቡ ቶሎ እንዲመለስለት ይፈልጋል። ወጪ ለመቀነስ ቢነሣ ከየት ይጀምራል? ከቦሌ አይጀምርም። መንገድ አስቸጋሪ፣ መብራት የማያስተማምን፣ ደንበኛው ከገደል ወዲያና ወዲህ የተበተነ ከሆነበት ደጋ ይጀምራል እንጂ።

ትልቅነትም ብቻውን ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ኤ.ኦ.ኤል. እና ታይም ዋርነር ሊዋሐዱ መሆኑ ሲነገር ዓለም አጨበጨበ፤ የተዋሐደው ኩባንያ ግን ለ2002 የሒሳብ ዓመት ወደ 99 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ አስታወቀ። ኤንቪዲያ አርምን በ40 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት በ2020 ያደረገው ስምምነት ደግሞ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ስለ ተቃወሙት በ2022 ተሰረዘ። ከሁለቱ የምንማረው፣ ጥያቄ የሚጠየቀው ከፊርማ በፊት መሆኑን ነው።

በላሊበላ ስልክ ቅንጦት አይደለም። አስጐብኚው እንግዳ የሚቀበለው፣ የሆቴሉ ባለቤት ክፍል የሚያከራየው፣ በገጠር ያለች እናት ልጇ ከአዲስ አበባ የላከላትን ገንዘብ የምታገኘው በስልክ ነው። ከተማዋ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት ውስጥ በነበረችባቸው ወራት ስልክ ሲቋረጥ፣ ዝምታ ምን እንደሚመስል የላስታ ሰው አይቷል። ያን ያመጣው ጦርነት እንጂ የኩባንያ ውል አልነበረም፤ ሆኖም የመገናኛን ዋጋ ለዚህ ሕዝብ ሌላ ማንም ሊያስተምረው አይችልም።

ይህን ስንል የውጭ ገንዘብ አይምጣ ማለታችን አይደለም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከማንኛውም አዲስ ባለቤት የገጠር ሽፋን ግዴታን በቦታና በቀን ለይቶ በጽሑፍ ይቀበል። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ታትሞ ሕዝብ ይየው። ሦስተኛ፣ ግዴታው ሲጣስ ቅጣቱ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይታወቅ።

የሕግና የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችንም እንዲህ ያለውን ውል በክፍል ውስጥ እንዲተነትኑልን እንለምናለን። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ውል የምንፈርም እኛ ነንና፣ ዛሬ ማንበብ እንልመድ።