የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

በግቢው የሙቅ ውሃ መታጠቢያ ገንዳ ሠርቶ፣ ውሃውን ያለ ክሎሪን በአሸዋ፣ በጠጠርና በውሃ ተክል ለማጣራት የሚያስብ ሰው ትጋቱ ይመሰገናል። አሸዋው ጉድፉን ያስቀራል፤ በጠጠሩ ላይ የሚኖሩት ረቂቃን ሕያዋንም ከገላ የወጣውን እድፍ ይበላሉ። ነገር ግን ለሙቅ ገንዳ ይህ ብቻ አይበቃም እንላለን።

ምክንያቱም ለገላ የሚስማማው ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለተውሳክም ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ ሰዎችን የገደለው ሌጂዮኔላ የተባለው ተውሳክ በሞቀ ውሃ ይራባል፤ ከሚረጨው ደቃቅ ጠብታ ጋርም ወደ ሳንባ ይገባል። እንደ ወንዶ ገነት ያለ ፍልውሃ ዘወትር ከምድር እየፈለቀ ስለሚፈስስ ይታደሳል፤ የቤት ገንዳ ውሃ ግን የቆመ ነው።

ስለዚህ ማጣሪያው ወደ ገንዳው የሚገባውን ውሃ ያጥራ እንጂ፣ የታጠቡበትን ውሃ መልሶ ያነጻል ተብሎ አይታመን። ገንዳው ሰፊ መፍሰሻ ይኑረው። ውሃው በታጠቡበት ዕለት ወደ አትክልቱ ይለቀቅ፤ ገንዳውም ተፈግፍጎ ይድረቅ። ሕፃናት እንዳይገቡበት ጠንካራ ክዳን ይደረግለት።

ውሃ መቆጠብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጤናን አሳልፎ የሚሰጥ ቁጠባ ኪሳራ መሆኑን እናሳስባለን።