ለነርስ ተማሪ ስለሚሸጥ ዕቃ

የትምህርት ዘመን በቀረበ ቁጥር የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴዎች ደብተርና እስክሪብቶ፤ የልብስ ነጋዴዎችም የደንብ ልብስ አስቀድመው ማዘጋጀታቸው የቆየ ልማድ ነው። ወደ ነርስ ትምህርት ቤት ስለሚገቡት ወጣቶች አስቦ የሚያዘጋጅ ነጋዴ ግን እምብዛም አይገኝም። ቢገኝም ያገኘውን ሁሉ በአንድ ቦርሳ ከትቶ «የነርስ ሙሉ ዕቃ» ብሎ መሸጥን ይመርጣል። ይህ አሻሻጥ ለገዢው ብቻ ሳይሆን ለሻጩም የማይበጅ መሆኑን ለክቡራን አንባብያን ለማስረዳት እወዳለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጸሐፊነት ወደማገለግልበት መደብር አንድ የባላገር ሰው ሴት ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ልጅቱ ነርስነት ለመማር ተመዝግባለች፤ ትምህርት ቤቱ ግን የሚያስፈልገውን ዕቃ ዝርዝር ገና አልሰጣትም ነበር። አባቷ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን የበሬ ዋጋ ፈትተው፤ «ለልጄ የሚያሻትን ሁሉ ስጡልኝ» አሉ። እኛም ሁሉን ሰጠናቸው። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ልጅቱ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ሰዓቱ የሰከንድ ቆጣሪ የለውም፤ የጋውኑ እጅጌ ረጅም ነው፥ ትምህርት ቤቷ የሚፈቅደው ግን አጭሩን ነው። የደም ግፊት መለኪያው መርፌም አየር ሳይሞላበት ዜሮ ላይ ማረፍ ሲገባው 10 ላይ ቆሟል። አስተማሪዋ ይህን ይዘሽ ወደ ሕመምተኛ እንዳትቀርቢ ብለዋታል። በመደብሩ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ነበረ፤ ጽፌ የለጠፍሁት እኔው ነኝ። ልጅቱ አንብባው ምንም ሳትናገር ወጣች።

የ10 ነጥብ ስሕተት ምን ያህል ነገር ነው? የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። የላይኛው የደም ግፊት ልክ 140 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያዩ ቀኖች ሲደጋገም በሽታ እንዳለ ይቆጠራል። እንግዲህ 132 የሆነው ሰው በተበላሸ መለኪያ 142 ተብሎ ሲመዘገብ ያለ በሽታው በሽተኛ ይባላል። መርፌው ከዜሮ በታች ያጋደለ እንደ ሆነ ደግሞ እውነተኛው ሕመምተኛ ደኅና ነህ ተብሎ ይሰናበታል። በክንድ ላይ የሚታሰረው መጠቅለያም እንዲሁ ነው፤ ለወፍራም ክንድ ጠባቡ የታሰረ እንደ ሆነ መለኪያው ከእውነተኛው ልክ አብልጦ ያሳያል። ስለዚህ አስመጪዎቻችን መጠቅለያውን በሕፃን፥ በመካከለኛና በትልቅ ልክ ለይተው ቢያዝዙ የሚጨምሩት ድካም በትእዛዙ ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው። ቸርቻሪውም ሣጥኑን በገዢው ፊት ከፍቶ መርፌው የት እንዳረፈ ቢያሳይ ከግማሽ ደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይወስድበትም።

ስለ ማዳመጫ የሚባለው ሌላ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ እ. ኤ. አ. በ1816 ዓ. ም. የመጀመሪያውን ማዳመጫ የሠራው ከተጠቀለለ ወረቀት ነበር፤ የልብንም ድምፅ ሰምቶበታል። ስለዚህ ለልብ ሐኪሞች የሚሠራውን እጅግ ውድ ዕቃ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ መሸጥ፤ ለባለ አንድ ክፍል ቤት የአዳራሽ መብራት እንደ መሸጥ ነው። ተማሪዋ የምትፈልገው ጎማው ያልተሰነጠቀ፥ የጆሮ መሰኪያው የሚለሰልስና በልክ የሚገጥም፥ ድምፅ የማያባክን ዕቃ ነው። በስመ ጥር ፋብሪካ ስም የተሠራ አስመሳይ ማዳመጫ በዓለም ገበያ መሠራጨቱም የታወቀ ስለ ሆነ፤ አስመጪው ከማን እንደ ገዛ የሚያስረዳ ሰነድ ይዞ ቢገኝ ራሱን ይጠብቃል።

ከሁሉ የረከሰውና ዕለት ዕለት የሚያገለግለው ዕቃ ግን ሰዓት ነው። የደም ሥር ትርታና ትንፋሽ የሚቆጠሩት በእርሱ ነው፤ ዐዋቂ ሰው ዐርፎ ሳለ ትርታው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ሲሆን ደኅና ይባላል። የሰከንድ ቆጣሪ የሌለው ሰዓት ምንም ቢያብለጨልጭ ለነርስ ጌጥ ነው እንጂ መሣሪያ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ነርሶች ሰዓታቸውን በደረታቸው ላይ ገልብጠው የሚያንጠለጥሉት እጅን አጥርቶ ለመታጠብ ስለሚያመች ነው፤ ይህን ዓይነቱን ሰዓት የሚያስመጣ ነጋዴ ብዙም ተወዳዳሪ የሚገጥመው አይመስለኝም።

የሙቀት መለኪያን በተመለከተ፤ እ. ኤ. አ. በ2013 ዓ. ም. በጃፓን አገር የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ባለ ሜርኩሪ የሙቀትና የደም ግፊት መለኪያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይሠሩ፥ ወደ አገር እንዳይገቡና እንዳይወጡ ይደነግጋል። ሆኖም ይህን አሮጌ ዕቃ በርካሽ ልልክልህ የሚል የውጭ ሻጭ ሊያጋጥም ይችላልና ርካሽነቱ እንዳያታልል። በአገራችንም የሕክምና መሣሪያን ጉዳይ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለሚመለከተው፤ ዕቃው ጉምሩክ ከመድረሱ በፊት ፈቃዱን ማጣራት ከኋላ ጸጸት ያድናል።

ጫማው ድፍን፥ የማያንሸራትት፥ በውሃ የሚጠረግ ይሁን። ጋውኑ ሲታጠብ እንዳይገባ ጨርቁ አስቀድሞ ይፈተን። ከዚህ ያለፈውን የትምህርት ቤቱ ዝርዝር ይናገራል፤ ዝርዝር ሳይዝ ለሚመጣ ገዢ ከእስክሪብቶ፥ ከደብተርና ከሰዓት በቀር ምንም ባይሸጥለት ይሻላል የምለው ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ትርፍ ይቀንሳል የሚሉኝ አሉ፤ የመደብሩ ባለቤትም አንዱ ናቸው። የተመለሰ ዕቃ ኪሣራ መሆኑን አልክድም፤ ሒሳቡን የምጽፈው እኔ ነኝና። ነገር ግን በ1940ዎቹ መጀመሪያ የቀይ መስቀል ማኅበርና የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የነርስ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ተማሪዎቹ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲውና በየግል ኮሌጁ የሚማሩት አያሌ ናቸው። አንዲት ተማሪ የት እንደ ገዛች የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ይጠይቋታል። በዚያች ልጅ ምክንያት የስንት ሰው ገበያ እንዳመለጠን በመዝገቤ ውስጥ የተጻፈ ነገር የለም።

ባለፈው ዓመት ከብዙ ክርክር በኋላ፤ «መርፌው ዜሮ ላይ የማያርፍ መለኪያ በ15 ቀን ውስጥ ይለወጣል» የሚል ማስታወቂያ ጽፌ ከአሮጌው ሥር ለጥፌአለሁ። አሮጌውን እንዳነሣ ግን የመደብሩ ባለቤት ገና አልፈቀዱልኝም።