ቢዝነስ ክላስን ከሹመት እናላቅቀው

በአዲስ አበባ፣ በልደታና በሜክሲኮ ዙሪያ ካሉት የትኬት ቢሮዎች ወደ አንዱ ገብቶ ለሰባ ዓመት እናቱ የዋሺንግተን ትኬት የሚያስቆርጥ ሰው ስለ ቢዝነስ ክላስ አይጠይቅም። ትኬት ቆራጩም አያነሳለትም። ያው ሰው በማግሥቱ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ሊያስቆርጥ ሲመጣ ግን ጥያቄው ከመጀመሪያው ቢዝነስ ነው፤ በረራው አራት ሰዓት ይሁን አሥራ አራት የሚመረምር የለም። ኃላፊው ጤነኛ ጎልማሳ ነው። እናትየው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ስኳር አለባቸው፣ ሌሊት ደጋግመው ይነሳሉ። ይህን አደላደል ተገቢ ነው ብለን ተቀብለነዋል። እኔ ስሕተት ነው እላለሁ። የሚጎዳውም ፍትሕን ብቻ አይደለም፤ ኪሳችንንም ነው። ቢዝነስ ክላስ ለተራው መንገደኛ የማይነካ እንዲመስል ካደረጉት ነገሮች አንዱና ዋናው ከሹመት ጋር ማጣበቃችን ነው።

ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገበት ዘመን የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር፤ ዛሬ አሮጌው ኤርፖርት የምንለው። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ዳግላሶች ነበሩ። መቀመጫቸው በግራና በቀኝ ግድግዳ የሚታጠፍ አግዳሚ ሲሆን መካከሉ ዕቃ ይጫንበት ነበር። ማንም ተሳፈረ ማን የሚቀመጠው እዚያው አግዳሚ ላይ ነው። በኋላ ጄቶቹ መጡ፤ የልደታ ሜዳ አልበቃቸው ብሎ በ1950ዎቹ ቦሌ ተሠራ። በረራው ረዘመ። ወንበሩ መለያየት የነበረበትም በዚህ ርዝመት ልክ ነበር፤ እኛ ግን በማዕረግ ልክ ለየነው።

እስቲ የዋሺንግተኑን መንገድ እንየው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። አየሩ ስስ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ነዳጁን ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት አይችልም። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ጉዞው ከነማረፊያው 16 ወይም 17 ሰዓት ይደርሳል፣ ሌሊቱም በአየር ላይ ያልፋል። ሲመለስ ግን ከዋሺንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ያለ ማቋረጥ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ቤተሰብ የደርሶ መልሱን ገንዘብ በሙሉ ለቢዝነስ ማዋል እንደማይጠበቅበት ይገነዘባል። እናትየው ሲሄዱ በቢዝነስ ተኝተው፣ ሲመለሱ በኢኮኖሚ ቢመጡ ብዙ ጊዜ ይቻላል። መሄጃውን በአንድ ክፍል፣ መመለሻውን በሌላ አድርጎ በአንድ ትኬት ማስቆረጥ የተለመደ አሠራር ነው። ግን ሳይጠይቁት የሚነግር ትኬት ቆራጭ ብርቅ ነው።

የሚያሻሽጡ ሰዎች የሚሉትን ሁሉ ግን አልደግምም። "ኢኮኖሚ ደም ያረጋል" የሚለው ማስፈራሪያ ለምሳሌ እውነቱ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ መጓዝ የደም መርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል፤ አደጋው ግን በጠቅላላው ከ6,000 ተጓዥ አንዱን የሚያገኝ ነው፣ በአውቶቡስና በባቡር ለሚጓዝም እንዲሁ። መንስኤው አለመንቀሳቀስ ነው። ተነስቶ የሚራመድ ጤነኛ ሰው በኢኮኖሚ በሰላም ይደርሳል። ጥያቄው ተነስቶ መራመድ ለማይችለው፣ እግሩን ዘርግቶ ካልተኛ ለሚያብጥበት፣ ወገቡ ተቀምጦ ለማያሳድረው ነው።

ለእናቶቻችን የምናዘው ዊልቸር ነው። ዊልቸሩ በነፃ ነው፤ ጥሩም ነው፤ ቋንቋ ለማይችል ሰው መንገድ መሪ ጭምር ነው። ነገር ግን የሚያገለግለው ከቦሌ በር እስከ አውሮፕላኑ በር፣ ከዚያም ከአውሮፕላኑ በር እስከ ልጃቸው መኪና ነው። በመካከል ያለውን 16 ሰዓት አይነካውም።

ሹመት ሳይሆን ሰዓት የሚቆጠርበት ምሳሌ ቅርባችን አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጉዞ መመሪያ ለአብዛኞቹ ሠራተኞቹ ቢዝነስ ክላስን የፈቀደው ቅያሪ የሌለው ጉዞ 9 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እዚሁ ከተማችን ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የዚያው ድርጅት አካል ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችንም፣ ለቤተሰቦቻችንም ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላየሁም፤ ሰዓቱንና አካሉን ቆጥሮ መወሰን። ናይሮቢ ለስብሰባ የሚሄድ ሰው ሁለት ሰዓት ለሚሆን መንገድ በሕዝብ ገንዘብ ቢዝነስ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሕሙማኑ ጉዳይ ነው። በልደታ ክፍለ ከተማ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። ከሐኪሞች ቦርድ "ውጭ አገር ይታከም" የሚል ወረቀት የተጻፈለት ሰው ቤተሰብ ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ሕንድ ለመሄድ ገንዘብ ማሰባሰብ ይጀምራል። ዕድሩ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ውጭ ያለው ዘመድ ያዋጣል። የሆስፒታሉ ክፍያ ይታሰባል፣ የአስታማሚው ማደሪያ ይታሰባል። ወንበሩ አይታሰብም። በበረራው ዋዜማ ሐኪሙ ጀርባው ተቆርጦ የተሰፋ ሰው ቀጥ ብሎ መቀመጥ የለበትም ሲል ግን ሁሉም ቢዝነስ ፍለጋ ይሯሯጣል። የዚያን ዕለት የቀረው ወንበር በጣም ውዱ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግን ሕዝቡ ዘንድ አልደረሰም። በአንድ የቢዝነስ ክፍል ውስጥ ያሉት ወንበሮች አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ በተለያየ የዋጋ ደረጃ ይሸጣሉ፤ ደረጃዎቹ ትኬቱ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ዝቅተኛው ዋጋ የሚከፈተው ለጥቂት ወንበሮች ነው። እነሱ ሲያልቁ ቀጣዩ ደረጃ ይመጣል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር 787-8 አውሮፕላን የቢዝነስ ወንበሮቹ በሙሉ 24 ናቸው። "በመጨረሻ ሰዓት ይረክሳል" የሚለው ወሬ ለዚህ ክፍል ከእውነት የራቀ ነው። በመጨረሻ ሰዓት የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ መሥሪያ ቤት የሚከፍልለት ሰው ስለሆነ አየር መንገዱ ዋጋውን የሚሰቅለው ለእሱ ነው፤ የታማሚው ቤተሰብም በዚያው ዋጋ ይገዛል። "ትኬት ቢሮ የሚሠራ ዘመድ አለኝ" የሚለውም አይጠቅምም። ዘመድየው የሚያየው ሌላው የሚያየውን ዋጋ ነው። ዘመድ የሚጠቅመው ከሁለት ወር በፊት ደውሎ "ዝቅተኛው ደረጃ በየትኛው ቀን ክፍት ነው?" ብሎ ለሚጠይቀው ነው። ከጥምቀት ማግሥት፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም፣ ለዕረፍት የመጣው ሁሉ ሲመለስ ከአዲስ አበባ የሚወጣው በረራ ይሞላል፤ ከእነዚህ ሳምንታት መሸሽ ብቻ ዋጋውን ይለውጠዋል።

አየር መንገዳችንን እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም ይህን እላለሁ። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ወደ ዋሺንግተን ያለ ሌላ አገር ኤርፖርት ቅያሪ የሚወስደው አንድ ኩባንያ ነው። ከናይሮቢ የሚነሳው ግን በኢስታንቡል፣ በዶሃ፣ በዱባይ፣ በእኛው በቦሌም ሊሄድ ይችላል። የዓለም አየር መንገዶች ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ አማራጭ ላለው ይቀነሳል፣ ለሌለው ይጨመራል። በዚህ የተናደዱ አንዳንዶች ከጎረቤት አገር የሚነሳ ትኬት ገዝተው አዲስ አበባ ላይ ለመሳፈር ያስባሉ። አይሞክሩት፤ የመጀመሪያውን በረራ የዘለለ መንገደኛ የቀረው ጉዞ ይሰረዝበታል። የሚያዋጣው የቱርክንም፣ የኳታርንም፣ የኤምሬትስንም፣ የግብፅንም የቢዝነስ ዋጋ ከአዲስ አበባ ጎን ለጎን ማየት ነው። አንድ ቅያሪ መታገሥ የሚችል ሰው ብዙ ጊዜ ርካሹን ያገኘዋል።

ብሩ ነገሩን አክብዶታል። ዋጋው የሚሰላው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የደመወዝተኛው ገቢ ግን እንዲያ አልሆነም። ከዚያ በፊትም የውጭ አየር መንገዶች እዚህ በብር የሸጡትን ገንዘብ ማውጣት ተቸግረው ነበር፤ ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ኢትዮጵያን ገንዘብ ከተያዘባቸው አገሮች ተርታ ሲጠራት ነበር። ሽያጩን ማውጣት የማይችል ኩባንያ ለዚህ ገበያ ቅናሽ ለማውጣት አይቸኩልም።

በዚህ ክፍተት የገቡት ደላሎች ናቸው። "ቢዝነስ በግማሽ ዋጋ" ይላሉ። የሚሸጡት ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ማይል፣ ማለትም አየር መንገዶች ለደንበኞቻቸው የሚሰጡትን የጉዞ ነጥብ ነው። ማይል መሸጥ በአየር መንገዶቹ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ከተደረሰበት ትኬቱ ይሰረዛል፣ ደላላውም ስልኩን ይዘጋል። ኤርፖርት ላይ የሚቀሩት ሻንጣቸውን የያዙት እናት ናቸው። ይህን ንግድ "ብልጠት ነው" እያልን የምናሞግስ ሰዎች ብናቆም ደስ ይለኛል።

ሕጋዊው የማይል መንገድ ግን ደጃችን ላይ ተከፍቶ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ አሜሪካ ያለ ልጅ በኅብረቱ አባላት በዩናይትድ ወይም በኤር ካናዳ ያጠራቀመው ማይል በእኛው አውሮፕላን የቢዝነስ ወንበር ሊገዛ ይችላል፤ ትኬቱንም በእናቱ ስም ማውጣት ይፈቀድለታል። አንዳንድ የአሜሪካ ክሬዲት ካርዶች በየግዢው የሚሰጡት ነጥብ ወደነዚህ ማይሎች ይዞራል። በሸቀጥ መግዣና በነዳጅ የተጠራቀመ ነጥብ በየካርዱ ተኝቶ ሳለ እናት በኢኮኖሚ 17 ሰዓት ተቀምጠው ይሄዳሉ። ለማይል የሚለቀቁት ወንበሮች ጥቂት ናቸው፣ በቀን ላይ ግትር የሆነ ሰው አያገኛቸውም። ልጇን ለማረስ ለምትሄድ እናት ግን የመውለጃው ቀን ከወራት በፊት ይታወቃል።

ቪዛው ያስቸግራል፣ እውነት ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በወጣው ለውጥ የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ለኢትዮጵያውያን ሦስት ወርና አንድ መግቢያ ብቻ ሆኗል። ቪዛ ሳይታተም ትኬት መግዛት የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። እንደዚያም ሆኖ ዋጋውን አስቀድሞ መከታተል፣ ማይሉን አዘጋጅቶ መጠበቅ፣ ቪዛው በተገኘ ዕለት መቁረጥ ይቻላል።

እናቶች ራሳቸው "ለኔ ነው ይህ ሁሉ ብር?" ብለው እንደሚከለክሉ አውቃለሁ። ለልጅ ሠርግ ሲወጣ ግን ማንም እንዲህ አይልም። መልሳቸውን እንደ ውሳኔ አንቀበል፤ ከመነሻቸው ለራሳቸው ጠይቀው አያውቁም።

አየር መንገዱን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሕዝብ ንብረት ነውና፣ በረራው ሁለት ቀን ሲቀረው ያልተሸጠ የቢዝነስ ወንበር ካለ የሐኪም ወረቀት ለያዙ ሕሙማንና ለአረጋውያን በብርና በመጠነኛ ጭማሪ ይስጥ። ባዶውን ከሚበር የታመመ ሰው ይተኛበት። ውጭ ያላችሁ ልጆች ደግሞ የእናታችሁን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በካርዳችሁ ላይ ያለውን ነጥብ ዛሬውኑ ቁጠሩ።